እግሩ ላይ አትቁሙ፤ ኃይሉን ተከተሉ፦ ለወጣት የአውሮፕላን ቴክኒሺያኖች

ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው ትምህርታችሁን ጨርሳችሁ ሃንጋር ውስጥ እጃችሁን ማፍታታት ለጀመራችሁት ነው። የማነሣው አንድ ጉዳይ ብቻ ነው። ከ40 ወይም ከ50 ዓመት በፊት የተሠራ ትንሽ አውሮፕላን ጠንክሮ ሲያርፍ ወይም ከመንደርደሪያው ሲወጣ የማረፊያ እግሩ ይጎዳል፤ ያን ጉዳት እንዴት እንደምትመረምሩ ልንገራችሁ።

ብዙ ወጣቶች እዚህ ላይ የሚሠሩት ስህተት ተመሳሳይ ነው። የታጠፈውን እግር ያያሉ፣ ምትኩን ያዝዛሉ፣ ይገጥማሉ፣ ይፈርማሉ። እግሩ ግን ኃይል የሚያልፍበት መንገድ ነው። ከመሬት የመጣው ምት በጎማው ገብቶ በአክስሉና በእግሩ ያልፋል፣ እግሩ የታሰረበትን ክፈፍ ያገኛል፣ ከዚያም ወደ ወለሉ፣ ወደ ክንፉ ወይም ወደ ሞተሩ መቀመጫ ይሄዳል። በዚህ መንገድ ላይ እጅ የሚሰጠው ከሁሉ የደከመው ቦታ ነው። እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከምንጣፍ ሥር ወይም ከሽፋን በስተጀርባ ያለ ነው።

መጠኑን እንድትረዱት አንድ ቁጥር ያዙ። የአሜሪካ የቀላል አውሮፕላኖች የዲዛይን ደንብ ለረጅም ዘመን ይጠይቅ የነበረው፣ እግሩ በሰከንድ ከ7 እስከ 10 ጫማ በሆነ የመውረድ ፍጥነት መሬት ሲነካ እንዲችል ነው፤ ከ2.1 እስከ 3 ሜትር ገደማ ማለት ነው። በመጣል ሙከራ ሲሆን እግሩ ከ9.2 እስከ 18.7 ኢንች፣ ማለትም ከ23 እስከ 47 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይለቀቅ ነበር። ትልቁ ከፍታ እንኳ ከጉልበት ብዙም አይዘልም። የመውረድ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን እግሩ መዋጥ ያለበት ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ «ትንሽ ጠንከር ብሎ ነው ያረፈው» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ሊሸፍን ይችላል። አውሮፕላኑ ወደ ጎን እየተንሸራተተ ካረፈ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ እግሩ ከታች ወደ ላይ የሚመጣውን የሚችለውን ያህል ከጎን የሚመጣውን አይችልም።

አደጋው ቦታ ስትደርሱ መፍቻ ከማንሣታችሁ በፊት ማስተር ስዊቹና ማግኔቶው (ለሞተሩ የእሳት ብልጭታ የሚሰጠው) መጥፋታቸውን፣ የነዳጁ መዝጊያ መዘጋቱን፣ ከክንፉ ሥር የሚንጠባጠብ ነገር አለመኖሩን እዩ። የድንገተኛ ጥሪ ማሰራጫው በምቱ ራሱን አብርቶ ሊሆን ስለሚችል እሱንም ተመልከቱ። ከዚያ ፎቶ አንሡ፤ አውሮፕላኑን ብቻ ሳይሆን መሬቱንም። ጎማዎቹ የተዉት ጥቁር መስመር ቀጥ ያለ ነው ወይስ አግድም የተጎተተ? አስፋልቱ ላይ ፕሮፔለር የቆረጠው ጭረት አለ? እነዚህ ምልክቶች በማግሥቱ አይገኙም። አውሮፕላኑን ስታነሡትም በተጎዳው እግር አትጎትቱት፤ በመጎተት የምትጨምሩት ጉዳት ከመጀመሪያው ጋር ይቀላቀልባችኋል።

አብራሪውን እንደ ተከሳሽ አትጠይቁት። የደነገጠ ሰው ነገሩን ያሳንሳል፤ ተረጋግቶ ሲጠየቅ ግን ብዙ ያስታውሳል። የትኛው ጎማ ቀድሞ ነካ? ስንት ጊዜ ነጠረ? ስንት ሰውና ምን ያህል ነዳጅ ነበረው? ካረፈ በኋላ መሪው ወደ አንድ ጎን ይስብ ነበር? በተለይ የመንጠሩን ቁጥር አትለፉት። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ምት ዋናዎቹን እግሮች ብቻ ያገኛል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ አፍንጫው ቀድሞ ይወርዳል፣ የፊተኛው እግርም የማይችለውን ይሸከማል።

አንድ አደራ ልጨምር፦ ምንም ነገር ሳታዩ አትጠቡ፣ አትጥረጉ። ቆሻሻ ምስክር ነው። በዘይትና በናይትሮጅን ወይም በአየር የሚሠራውን ሾክ ፒስተን ተጠግታችሁ እዩት። በየዕለቱ ሲያርፍ ዘይቱን የሚይዘው ጉሚኒ እየጠረገ የሚመላለስበት የላይኛው ክፍል ያብረቀርቃል፤ ከሱ በታች ዘይት የነካው አቧራ ደርቆ ጥቁር ቀለበት ሠርቶ ይቀራል። ንጹሁ ክፍል ከወትሮው ወርዶ እስከ ግርጌው ከደረሰና ቀለበቱ ወደ ታች ተገፍቶ ከተከመረ፣ ሾኩ እስከ መጨረሻው ገብቶ ብረት ከብረት ሳይጋጭ አልቀረም። ከዚያ በኋላ ያለውን ምት የዋጠው ሾኩ ሳይሆን የአውሮፕላኑ አካል ነው። አንድ ሰው በጨርቅ ጠርጎት ቢሆን ኖሮ ይህ ማስረጃ አይኖራችሁም ነበር።

አሮጌ አውሮፕላን የሚያስቸግረው ጉዳቱ ሁሉ የትናንት ባለመሆኑ ነው። ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ ጠንክሮ አርፏል፣ ስንቱ ተመዝግቧል? ሎግቡኩን፣ ማለትም የአውሮፕላኑን የጥገና መዝገብ፣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራችሁ አንብቡ። የፊት እግር መቀየር፣ የፕሮፔለር ጥገና፣ የፋየርዎል (ሞተሩን ከካቢኑ የሚለየው ግድግዳ) ላሜራ፣ የሞተር መቀመጫ ብየዳ የሚሉ መዝገቦች ካሉ አውሮፕላኑ አፍንጫውን ከዚህ በፊትም መትቷል። ሎግቡኩ ዝም ካለ ብረቱን ጠይቁ። ከሌሎቹ መጠኑ ወይም ጭንቅላቱ የተለየ የሪቬት ረድፍ፣ ቀለሙ የማይመሳሰል ፓኔል፣ ከውስጥ የተደረበ ላሜራ ያልተጻፈ ታሪክ ይነግሯችኋል።

አዲስና አሮጌ ጉዳትን የሚለየው በአብዛኛው የተሰበረው ገጽ ነው። ትኩስ ስብራት ያንጸባርቃል፣ ጥራጥሬው ይታያል። ቀስ በቀስ የተሰነጠቀ ብረት ግን ለስለስ ያለና የደበዘዘ ገጽ አለው፤ አንዳንዴም ማዕበል ዳር ላይ የሚተወውን የመሰሉ ቀጫጭን ቅስቶች ይታዩበታል፤ ይህ የድካም ስንጥቅ ነው። አንድ ቡሎን ግማሹ ገጽ ዝጎ ግማሹ ሲያበራ ካገኛችሁት፣ ከአደጋው በፊት በግማሽ ተሰንጥቆ ይሠራ ነበር ማለት ነው። ያኔ የሌላኛውን ጎን አቻ ቡሎንም ፍቱት፤ እሱም ያንኑ ያህል ዓመት፣ ያንኑ ሸክም ሲሸከም ኖሯል። ቀለም ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ። ዛሬ የተሰነጠቀ ቀለም ጠርዙ ስለታምና ንጹሕ ነው፤ የቆየው ውስጡ ቆሻሻ ይዟል። በሪቬት ጭንቅላት ዙሪያ ግራጫ ወይም ጥቁር ጭስ የመሰለ ጭራ ካለ፣ ያ ሪቬት ላልቶ እየተንቀሳቀሰ አልሙኒየሙን እየፈጨ ነው፤ እሱ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም።

ጎማና ቸርኬን በአጭሩ ልለፍ፣ አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ፦ የቸርኬውን ሁለት ግማሾች የሚያያይዙትን ቡሎኖች ከመንካታችሁ በፊት ጎማውን ጨርሳችሁ አስተንፍሱ። አየር ያለበት ጎማ ላይ እነዚያን ቡሎኖች የፈታ ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ከተፈታ በኋላ በቡሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያና የጎማው ጠርዝ በሚቀመጥበት ጥግ ስንጥቅ ፈልጉ። ኩሽኔታዎቹን አጥቡና በጣት አዙሩ፤ የሚንኳኳ ወይም ቀለበቱ ላይ የመደብደብ ምልክት ያለው አይመለስም።

አሁን ወደ እግሩ። የቆዩት ሴስና 172ቶች ዋና እግራቸው ጠፍጣፋ የብረት ሞላ ነው፤ ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ክብ ቱቦ ሆኗል። የጠፍጣፋው ጥንካሬ ያለው ገጹ ላይ ነው። የታችኛው ገጽ በፋብሪካ በትናንሽ የብረት እንክብሎች ተደብድቦ ከ0.25 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው የታመቀ ሽፋን ተሰጥቶታል። ይህ ሽፋን ስንጥቅ እንዳይጀምር ይከላከላል። ቀለሙ በጠጠር ተልጦ ዝገት ከገባና ጉድጓዱ ከሽፋኑ ጥልቀት ካለፈ፣ እግሩ ዓይን ላይ ቀጥ ብሎ ቢታይም ዕድሜው አልቋል። ስለዚህ ቀለሙ ያበጠበትን፣ ለመሳፈሪያ የሚረገጠው መርገጫ የታሰረበትን፣ የፍሬን ቱቦው መያዣ ያቀፈውንና ሽፋን የተኛበትን ቦታ ሁሉ ገልጣችሁ እዩ።

እንዲህ ያለውን እግር በመዶሻ አቅንቶ ወይም በእሳት አሙቆ መመለስ አይቻልም፣ ብየዳም አይነካውም። ሙቀት የብረቱን ጥንካሬ ያጠፋዋል። አሲድ ያለው የዝገት ማጥፊያም አትጠቀሙ፤ ሃይድሮጅን ወደ ብረቱ ያስገባል፣ ብረቱም ምንም ሳይታይበት ቆይቶ በድንገት ይሰነጠቃል።

እግሩን ካያችሁ በኋላ የታሰረበትን ቦታ ፈልጉ። ምንጣፉንና የወለሉን መክደኛ አንሡ። እግሩ የሚያልፍበት ጠንካራ ክፈፍ ዙሪያ ያሉ ሪቬቶች አዘንብለዋል? ቀዳዳቸው ሞላላ ሆኗል? የውስጠኛውን ጫፍ የያዘው ቡሎን ተጣሟል? በሮቹን ደግሞ ክፈቱና ዝጉ። በአንዱ በር ዙሪያ ያለው ክፍተት ከላይ ሰፍቶ ከታች ከጠበበ፣ ወይም ትናንት በቀላሉ ይዘጋ የነበረው ዛሬ ከታገለ፣ የበሩ ምሰሶና የወለሉ ክፈፍ ተንቀሳቅሰዋል። ይህ ምንም መሣሪያ የማይጠይቅ ምርመራ ነው፤ የሚረሳው ግን ከሁሉ በላይ ነው።

እንደ ፓይፐር ቼሮኪ ያሉት ዋና ሾካቸው ክንፉ ላይ የታሰረ ስለሆነ ኃይሉ ቀጥታ ወደ ክንፉ ዋና ምሰሶ ይሄዳል። የሾኩን ማቀፊያ የያዙትን የፊትና የኋላ ቡሎኖች፣ በክንፉ ሥር ያለውን ላሜራ፣ የነዳጅ ታንኩን ዳር እዩ፤ የሰማያዊው ነዳጅ እድፍ አዲስ ከሆነ መገጣጠሚያው ተከፍቷል። በብዙዎቹ የዚህ ቤተሰብ ሞዴሎች ባዶ አውሮፕላን ሙሉ ነዳጅና ዘይት ይዞ ሲቆም የዋናው ሾክ ፒስተን 4.5 ኢንች፣ የፊተኛው 3.25 ኢንች ያህል ይወጣል፤ የእናንተን ቁጥር ግን ከዚያው ሞዴልና ከዚያው ተከታታይ ቁጥር ማኑዋል ውሰዱ። ሾኩ ቢቀንስ በናይትሮጅን ሞልቶ መሄድ ጥገና አይደለም፤ ለምን ቀነሰ? ፒስተኑ ተጣሞ ጉሚኒውን እያደማው ሊሆን ይችላል። ፍቱት፣ ፒስተኑን በቪ ቅርጽ ማስቀመጫ ላይ አስተኝታችሁ እያዞራችሁ በዳያል መለኪያ አረጋግጡ። ዘይቱ 5606 የሚባለው ቀዩ የሃይድሮሊክ ዘይት ነው፤ የመኪና ፍሬን ዘይት ጉሚኒውን ያበላሻል። ሁለቱን የሾክ ክፍሎች እንዳይዞሩ የሚያያይዙት መቀስ መሳይ ክንዶችም ቡሽንጋቸው ካለቀ ጎማው ያርገበግባል፤ መርገብገቡ ደግሞ በበኩሉ ሌላ ስንጥቅ ይወልዳል።

የፊት እግር ላይ ጊዜ ውሰዱ፤ ከባዱ ስውር ጉዳት ብዙ ጊዜ እዚህ ነው። በሴስና 172 ላይ የፊት ሾኩ ፋየርዎሉ ላይ የታሰረ ነው፤ በቼሮኪ ላይ ደግሞ ከሞተሩ መቀመጫ ጋር ነው። ስለዚህ በአንደኛው መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ላሜራውን፣ በሌላው የተበየዱትን ቱቦዎች ነው። የሞተሩን ሽፋን ከማውለቃችሁ በፊት በስፒነሩ (በፕሮፔለሩ መሃል ባለው ሾጣጣ ቆብ) እና በሽፋኑ መካከል ያለውን ክፍተት ዙሪያውን ለኩ። ከላይ ጠብቦ ከታች ከሰፋ ወይም የተገላቢጦሽ ከሆነ ሞተሩ አዘንብሏል። በሞተሩና በመቀመጫው መካከል ያሉት የጎማ ትራሶች አርጅተው ብቻም ሊሆን ይችላል፤ ልዩነቱን የምታውቁት መቀመጫውን ስታዩ ነው።

ሽፋኑ ከወለቀ በኋላ ባትሪያችሁን ፊት ለፊት አታብሩ። ከፋየርዎሉ ጎን አስጠግታችሁ ብርሃኑ ላሜራውን እየላሰ እንዲያልፍ አድርጉ። ፊት ለፊት ሲበራ ምንም የማይታይበት ገጽ፣ ከጎን ሲበራ በታችኛው ጥግ አንድ ቀጭን ጥላ ይጥላል፤ ያ ጥላ መጨማደድ ነው። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ አስደግፉና በሥሩ ብርሃን ያልፍ እንደሆነ እዩ። ከዚያ ካቢን ውስጥ ገብታችሁ ከመሪው ፔዳሎች በስተኋላ ያንኑ ቦታ በጣት ዳስሱ፤ ጣት ዓይን ያለፈውን ያገኛል። ፔዳሎቹን ሙሉ ለሙሉ ግፉ፤ ከያዙ ወይም ከከበዱ የመሪው ዘንጎች ወይም የታሰሩበት ቦታ ተጣሟል። በነገራችን ላይ የፊት እግር የሚጎዳው በማረፍ ብቻ አይደለም። የሴስና 172 የፊት ጎማ ሲጎተት ወደ እያንዳንዱ ጎን ከ30 ዲግሪ በላይ መዞር የለበትም፤ በግድየለሽ ጎታች የተሰበረ ማገጃ እንደ አደጋ ጉዳት ሆኖ ሊቀርብላችሁ ይችላል።

ፕሮፔለሩ መሬት ነክቶ ከሆነ ጉዳዩ ከእግር ወጥቶ ሞተር ውስጥ ገብቷል። ጫፉ በጥቂቱ ብቻ ቢታጠፍም፣ ሞተሩ ባይቆምም ልዩነት የለውም። የሞተር አምራቹ የላይኮሚንግ አገላለጽ ሰፊ ነው፦ ሞተሩ ቢሠራም ባይሠራም፣ ፕሮፔለሩን ከቀላል ሞረድ ያለፈ ጥገና የሚያስፈልገው አጋጣሚ ሁሉ የፕሮፔለር ምት ነው። የአሜሪካ አቪዬሽን አስተዳደርም በ2004 ባወጣው መመሪያ በአብዛኞቹ የላይኮሚንግ ሞተሮች ላይ ከእንዲህ ያለ ምት በኋላ የክራንክሻፍቱ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) የኋላ ጥርስ እንዲመረመር፣ ቡሎኑና መቆለፊያው እንዲቀየር አስገድዷል። ያ ጥርስ ቫልቮቹን የሚከፍተውን ካምሻፍትና ማግኔቶዎቹን የሚያዞር ስለሆነ ሲለቅ ሞተሩ አየር ላይ ይቆማል። ፕሮፔለሩን አቅንቶ ለመብረር የሚጠይቃችሁን ሰው እሺ አትበሉት።

የእግሮቹን ቀጥ ማለት በዓይን አትፍረዱ፣ ለኩ። አውሮፕላኑን በማኑዋሉ ነጥቦች ላይ በውኃ ልክ አስተካክሉ፣ ከጭራው ሥር ካለ ቋሚ ነጥብ ቱንቢ ጣሉና ወደ ሁለቱ አክስሎች ያለውን ርቀት አነጻጽሩ። አንድ ክንፍ ዝቅ ማለቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ መጀመሪያ የሁለቱን ታንኮች ነዳጅ እኩል አድርጉ። የጎማዎቹን አቅጣጫ ለማየት በየጎማው ሥር በመካከላቸው ግሪስ የተቀባ ሁለት ለስላሳ የብረት ሉሆች አድርጉ፣ አውሮፕላኑን ወዝወዝ አድርጋችሁ ጎማዎቹ በራሳቸው ቦታ እንዲይዙ ተዉ፣ ከዚያ በፊታቸው ቀጥ ያለ ብረት ዘርግታችሁ በስኳድራ ለኩ። ግሪሱ ከሌለ ጎማው ወለሉን ስለሚነክስ ቁጥሩ ይዋሻል።

ስንጥቅ ለጠረጠራችሁበት ቦታ ቀለም ዘልቆ መርመሪያ ስትጠቀሙ ትዕግሥት ያስፈልጋል። መጀመሪያ ክፍሉ የተቀባውን ቀለም በኬሚካል አንሡ። በአሸዋ መንፋት ወይም በሽቦ ብሩሽ ሞተር መፋቅ ብረቱን ደፍጥጦ የስንጥቁን አፍ ይዘጋዋል። አጽዱ፣ አድርቁ፣ ቀዩን መርመሪያ ቀቡ፣ እንደ ምርቱ መመሪያ ጠብቁ፤ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ነው። ትርፉን ስታነሡ ማጽጃውን ጨርቁ ላይ እንጂ ብረቱ ላይ አትርጩ፤ ከስንጥቁ ውስጥ ያለውን ታጥቡታላችሁ። ከዚያ ነጩን ማሳያ በስሱ ንፉ፣ ሲደርቅ ጀምራችሁ እዩ። ስንጥቅ እንደ ፀጉር የቀጠነ ቀይ መስመር ሆኖ ይወጣል፣ ጥልቅ ከሆነ ደግሞ እየደማ ይሰፋል። ከ10 ደቂቃ በኋላ በ10 እጥፍ ማጉያ እንደገና ተመልከቱ። ይህ ዘዴ ገጽ ላይ የተከፈተውን ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ለብረት ክፍሎች የማግኔት ምርመራ የተሻለ ነው፣ ሲያበቃ ግን ማግኔቱ መጥፋት አለበት። ለአልሙኒየም ቀዳዳዎች ኤዲ ከረንት (በኤሌክትሪክ ስንጥቅ የሚፈልግ ዘዴ) የሚሠራ ባለሙያ አስመጡ።

የወጣውን ቡሎን ሁሉ በመስታወት ላይ አንከባልሉ፤ የተጣመው ሲዘል ይታያል። ኤኤን የሚባለው የአውሮፕላን ብረት ቡሎን ጭንቅላቱ ላይ የመስቀል ምልክት አለው፣ የመሳብ ጥንካሬውም በካሬ ኢንች 125,000 ፓውንድ ነው። አሮጌ አውሮፕላን ላይ ምልክት የሌለው ቡሎን ካገኛችሁ ከየት እንደመጣ አይታወቅምና አውጡት፤ ቀዳዳውንም ለኩ።

እግሩ የሚታጠፍ ዓይነት ከሆነ ከጥገናው በኋላ በክሪክ አንሥታችሁ ደጋግማችሁ አጥፉት፣ ዘርጉት፤ በድንገተኛው ዘዴም አውርዱት። ሲቆለፍ መሃል ነጥቡን አልፎ መቀመጡን በመለኪያ አረጋግጡ፤ አረንጓዴው መብራት የሚነግራችሁ ስለ ስዊቹ ነው። የቱቦ ብረት እግር ባላቸው በጨርቅ የተሸፈኑ አውሮፕላኖች ላይ ደግሞ ዝገቱ ከውስጥ ስለሚበላ የቱቦዎቹን የታችኛ ጫፍ በሹል ነገር ሞክሩ፣ ግድግዳቸውን በአልትራሳውንድ ለኩ፣ እግሩ የታሰረበትን የአውሮፕላኑን አካል መገጣጠሚያ ለማየት ጨርቁን መቅደድ ካስፈለገም ቅደዱ። ጨርቅ ይጠገናል።

ሪፖርታችሁን ስትጽፉ «ተመርምሮ ደህና ነው» አትበሉ። የትኛው ክፍል፣ በምን ዘዴ፣ ምን ልኬት ተገኘ፣ የማኑዋሉ ገደብ ስንት ነው ብላችሁ ጻፉ፤ ያላያችሁትንም አላየሁትም በሉ። ከ20 ዓመት በኋላ ያንን ሎግቡክ የሚከፍተው ሌላ ወጣት የሚያምነው ያንን መስመር ነው። ባለቤቱ ይቸኩላል፣ አውሮፕላኑ ቆሞ ገንዘብ ይበላል፤ ችግሩን ተረዱለት፣ በየቀኑ ምን እንዳገኛችሁ አሳዩት፣ ፊርማችሁን ግን ከልኬቱ በፊት አትስጡት።

አውሮፕላኑ ወደ በረራ ሲመለስም ሥራው አላለቀም። ያጠበቃችኋቸውን ቡሎኖች በዳዶውና በአካሉ ላይ አንድ ቀጭን የቀለም መስመር አሳልፉባቸው። ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት በረራዎች በኋላ የወለሉን መክደኛ እንደገና ክፈቱ፣ ባትሪ አብሩ፣ መስመሮቹን አንድ በአንድ እዩ። የተሰበረ መስመር ካገኛችሁ ዳዶውን ብቻ አጥብቃችሁ አትዝጉት፤ ሥሩ ያለው ነገር ለምን እንደተንቀሳቀሰ ፈልጉ።